ለአንድ ሰው ብቻ የሚነገር መድኃኒት

እኔ ስቆጣ አፌ ነው የሚቀድመኝ። ይህን የማያውቅ ዘመድ የለኝም። ስለዚህ የደም ማቅጠኛ ክሊኒኩ ፋርማሲስት፣ «አክስትሽ እኛ ከምንሰጣቸው ኪኒን ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?» ብላ ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቀኝ፣ ወደ አክስቴ ዞሬ የጮህኩት እንደ አስተርጓሚ ሳይሆን እንደ መርማሪ ፖሊስ ነበር።

«እትዬ! ምንድን ነው የሚጠጡት?»

«ሻይ» አሉኝ ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

«ከሻይ ሌላ!»

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ፊት አትጩሂብኝ። የለም በያት።»

«የለም ይላሉ» አልኩ በእንግሊዝኛ። ፋርማሲስቷ የእኔን ፊት አየች፣ የእትዬን ፊት አየች፣ ከዚያ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ገና ሠላሳ የሞላት አትመስልም። ቤተሰቦቿ ከሕንድ የመጡ፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ልጅ ናት። «ስሚኝ» አለችኝ፤ «በዚህ ከቀጠለ አንድ ቀን ጭንቅላታቸው ውስጥ ይደማሉ። ምን እንደሚጠጡ ሳላውቅ ደግሞ የኪኒኑን መጠን ማስተካከል አልችልም። በጨለማ እንደመዳበስ ነው።»

ይህን አልተረጎምኩላቸውም።

እትዬ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። እናቴ ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አንስተው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ለንደን መጥቼ ወረቀቴን ካገኘሁ በኋላ፣ ስንት ፎርም ሞልቼ፣ ስንቴ አፕላይ አድርጌ፣ ስንቴ ተመልሶብኝ፣ በመጨረሻ አመጣኋቸው። አሁን ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ዊልስደን ባለችው ጠባብ ፍላቴ አብረን እንኖራለን። ልባቸው ምቱን ይስታል። ምቱን የሳተ ልብ ውስጥ ደም ይረጋል፤ የረጋው ደም ወደ ጭንቅላት እንዳይሄድ ነው ማቅጠኛው የታዘዘላቸው። መድኃኒቱ ግን አመለኛ ነው። ሲያንስ ደሙ ይረጋል፣ ሲበዛ ያደማል። ለዚህ ነው በየጥቂት ሳምንቱ ጣታቸው ተወግቶ ማሽኑ ቁጥር የሚያወጣው። ቁጥሩ ከሁለት እስከ ሦስት መሆን አለበት።

ከሦስት ወር ወዲህ ቁጥሩ አበደ። አንዴ አምስት፣ አንዴ አንድ ከምናምን፣ አንዴ ደግሞ ስድስትን አልፎ ፋርማሲስቷ ከወንበሯ ብድግ አለች። የገበያ ከረጢት ያንጠለጠሉበት ክንዳቸው ላይ የመዳፌን ያህል ሰማያዊ ምልክት ወጣ። ጥርሳቸውን ሲፍቁ ድዳቸው ይደማል። እሳቸው ግን «እርጅና ነው እቴ» ብለው አለፉት።

እኔ አላለፍኩትም። ምክንያቱም ሻይ አለመሆኑን አውቃለሁ። በየጠዋቱ እህል ሳይቀምሱ፣ እኔ ሻወር ውስጥ ስሆን ጠብቀው፣ ወጥ ቤት ገብተው አንድ ነገር በጥብጠው ይጠጣሉ። ሽታው ኮሪደሩን ይሞላዋል። መጠጣታቸውን አውቃለሁ፤ ውስጡ ምን እንዳለ ግን አላውቅም፣ ማንም አያውቅም። አያቴ፣ የእትዬ አባት፣ በአገራቸው የታወቁ ባለመድኃኒት ነበሩ። ከመሞታቸው በፊት አንዱን መድኃኒት ለእትዬ ብቻ ነገሯቸው። መድኃኒቱ ሕግ አለው። በዕድሜ ልክ የሚነገረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። የሚነገረው በባዶ ሆድ ነው፤ ተናጋሪውም ሰሚውም። አይጻፍም። የተናገረ ሰው ደግሞ ከዚያች ቀን ጀምሮ እጁ ይበርዳል ይባላል፤ ቢቀምመውም አይሠራለትም። ለዚህ ነው ባለመድኃኒት ሁሉ ሞት ደጁ ሲደርስ ካልሆነ አፉን የማይከፍተው።

ያ አንድ ሰው እኔ እንደምሆን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር። ልደብቀው አልችልም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠብቀው የኖርኩት ነገር ነው። ወንድሞቼ መሬት ሲካፈሉ ትንፍሽ ያላልኩት የእኔ ድርሻ ይኸ ነው ብዬ ነው።

አሁን እንግዲህ ሥራዬን ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ ለምን እንደዚያ እንዳበድኩ አይገባችሁም። ደቡብ ለንደን ውስጥ፣ ከኤሌፋንት ኤንድ ካስል ብዙም በማይርቅ ሰፈር አንዲት ትንሽ የድሮ መድኃኒት ቤተ መዘክር አለች። እዚያ የክፍል ጠባቂ ነኝ። የምጠብቀው የንግሥት ቪክቶሪያን ዘመን ክፍል ነው። መደርደሪያው ሙሉ ጠርሙስ ነው፤ ቡናማ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ጎብኚ ሲመጣ እኔ ነኝ የማስረዳው። መጀመሪያ የቀጠሩኝ ቆሜ እንድጠብቅ ነበር፤ ዝም ብሎ መቆም ስላልቻልኩበት አስረጅ ሆኜ ቀረሁ።

በዚያ ዘመን ለንደን ውስጥ መድኃኒት ሻጭ እንደ አሸን ነበር። አንዱ ገበያ መሀል ሳጥን ላይ ቆሞ እየጮኸ ይሸጣል፣ ሌላው ጋዜጣ ላይ ያስነግራል፣ ሌላዋ ከገጠር ቅጠል ለቅማ በቅርጫት ታዞራለች። የጠርሙሱን ጽሑፍ ብታነቡት ያስቃችኋል። ይኸው አንድ ሽሮፕ ሳል ያድናል፣ ትል ያወጣል፣ ራሰ በራ ላይ ፀጉር ያበቅላል፣ የሴት ድካም ያነሳል፣ ሐዘን ያስረሳል። ምን እንዳለበት ግን አንድ ቃል የለም። «የቤተሰብ ምስጢር» ይላል፣ አለቀ። ላዩ ላይ የመንግሥት የቀረጥ ቴምብር ተለጥፏል፤ ቴምብሩ ግብር መከፈሉን ብቻ ነበር የሚያሳየው፣ ድሃው ሕዝብ ግን መንግሥት መርምሮ ያጸደቀው እየመሰለው ይገዛ ነበር። በኋላ ኬሚስቶች ሲመረምሩት ብዙው ኪኒን ሬትና ሳሙና ሆኖ ተገኘ። ይኸስ ይሁን። ደሜን የሚያፈላው ከታች ያለው መደርደሪያ ነው። ለሚያለቅስ ሕፃን የሚሰጥ ማስተኛ ሽሮፕ። ውስጡ ኦፒየም ነበር። እናት ከፋብሪካ ደክማ ገብታ በማንኪያ ታጠጣዋለች፤ ልጁ ጸጥ ይላል። አንዳንዱ በዚያው ጸጥ እንዳለ ይቀራል። እናቲቱ ምን አጠፋች? ማን ነገራት? ምስጢር ነዋ!

ይህን በቀን አምስት ጊዜ እያስረዳሁ ውዬ ቤቴ ስገባ ያው የምስጢር ሽታ ኮሪደሬን ሞልቶ ይጠብቀኛል። ታዲያ እንዴት ዝም ልበል?

ከክሊኒክ በተመለስን ማግሥት የወጥ ቤቱን ቁም ሳጥን ገለበጥኩት። በርበሬው ጀርባ፣ የሽሮው ዕቃ ሥር፣ የማይሠራው ማይክሮዌቭ ውስጥ። ማይክሮዌቩ ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረ ዱቄት አገኘሁ። አሸተትኩት፣ በምላሴም ቀመስኩት። ነጭ ሽንኩርት ደርቆ ተፈጭቶበታል፣ አብሽ አለበት፤ ሌላው ግን አልለየኝም፣ ከሥሩ የሚመር አንድ ነገር ነበረው። አንድ ማንኪያ ሰርቄ በፌስታል ቋጥሬ ለፋርማሲስቷ ወሰድኩላት። አዎ፣ ሰርቄ። አላፍርበትም።

ልጅቷ ፌስታሉን አየችና በሐዘን ራሷን ነቀነቀች። «እዚህ የምንመረምርበት የለንም። ዱቄቱ ቢመረመር እንኳ ስንት እንደሚወስዱ፣ መቼ እንደሚጨምሩ፣ መቼ እንደሚቀንሱ አይነግረኝም። እሳቸው ራሳቸው ናቸው ሊነግሩኝ የሚችሉት።» ነጭ ሽንኩርቱም አብሹም ደም ላይ ሥራ ሊኖራቸው እንደሚችል፣ ግን ያላወቅነው ይበልጥ እንደሚያስፈራት አስረዳችኝ።

እትዬ ማንኪያዋ መጉደሏን ወዲያው አወቁ። አራት ቀን አላነጋገሩኝም። አንድ ቤት ውስጥ ካለ ሰው ጋር አራት ቀን አለመነጋገር ምን ማለት እንደሆነ የቀመሰ ያውቀዋል። በአምስተኛው ቀን ነገሩን በሌላ በኩል ልሞክረው ብዬ፣ ሥራ ቦታ የምናወራውን አንድ ታሪክ ነገርኳቸው። ከቪክቶሪያም በፊት ነው። አንዲት አሮጊት ልቡ የደከመበትን፣ እግሩ ያበጠበትን ሰው ከቤተሰቧ በወረሰችው ቅጠል ታድን ነበር። አንድ ሐኪም የቅጠሉን ድብልቅ አገኘና መረመረው፤ ከሁሉ የሚሠራው አንዱ ሐምራዊ አበባ ያለው ተክል መሆኑን ደረሰበት። ከዚያ የልብ መድኃኒት ተሠራ፣ ስንቱ ዳነበት። «አዩ እትዬ» አልኳቸው፤ «ሴትየዋ ምስጢሯ ባይወጣ ኖሮ ያ ሁሉ ሰው ያልቅ ነበር።»

ጥሩ አድርገው ሰሙኝ። ከዚያ፣ «የሐኪሙ ስም ይታወቃል?» አሉ።

«እንዴታ! መጽሐፍ ላይ ሁሉ አለ።»

«የሴትየዋስ?»

መጽሐፉ «አንዲት አሮጊት» ብቻ ነው የሚላት።

«አየሽ!» አሉና ተነሥተው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ምን ይባላል? ቤተ መዘክር ውስጥ ስንት ዓመት ስቆም ያልጠየቅኩትን ጥያቄ በአንድ አፍታ ጠየቁኝ። ተሸነፍኩ። ግን መሸነፍና መተው አንድ አይደሉም። እኔ እልኸኛ ነኝ፤ ያሳደጉኝ እሳቸው አይደሉ እንዴ?

በዚያው ሳምንት እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አፍንጫቸው ደማ። መጀመሪያ ቀላል መሰለኝ፤ በሶፍት ያዝኩላቸው። ሶፍቱ አለቀ፣ ነጠላቸው ራሰ፣ ነጠላዬ ራሰ፣ ደሙ አልቆመም። ሾፌሩ አውቶቡሱን አቁሞ አምቡላንስ ጠራ። እትዬ እጄን ጨብጠው፣ «በቃ፣ በቃ፣ አትፍሪ» ይሉኛል፤ ፊታቸው ግን አመድ መስሏል። ሆስፒታል አፍንጫቸውን አሽገው፣ የደም ማርጊያ ሰጥተው፣ ከብዙ ሰዓት በኋላ አቆሙላቸው። ተረኛው ሐኪም ያለኝም ያንኑ የፋርማሲስቷን ቃል ነው፤ ይህ ከአፍንጫ ሳይሆን ከጭንቅላት ቢሆን ኖሮ አንደርስም ነበር።

ማግሥቱን ቤት ስንገባ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ፊታቸው ቁጭ አልኩ።

«እትዬ፣ ጊዜው ደርሷል። ይንገሩኝ።»

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «ብነግርሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

እዚህ ላይ መዋሸት ይቻል ነበር። «ለማንም አልናገርም» ማለት አንዲት ትንፋሽ ናት። ዕድሜ ልኬን የጠበቅኩት ነገር እጄ ይገባ ነበር፤ ከዚያ ኮሪደር ወጥቼ በስልክ ለልጅቷ መንገር ነው፣ ማን ያየኛል? እግዚአብሔር ያውቃል፣ አስቤዋለሁ። ግን ፋርማሲስቷ ፊት «የለም በያት» ሲሉኝ ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ ውሸት አፌ አልዞር አለኝ።

«እናገራለሁ» አልኳቸው። «ሳልውል ሳላድር ለፋርማሲስቷ እናገራለሁ። መሐላ ቢያስገቡኝም እናገራለሁ። ቢረግሙኝም እናገራለሁ።»

«እሷስ? ወስዳ መጽሐፍ ላይ ልታወጣው ነው?»

«አትችልም! ሕግ አለባት። የሕመምተኛ ምስጢር ጠባቂ ናት። የሚያክሙዎት ሰዎች እርስዎን ለማከም ያዩታል እንጂ፣ ያለ ፈቃድዎ ለውጭ ሰው ብትናገር ከሥራዋ ትባረራለች።»

«ለዘመድ?»

«ለዘመድም።»

«ለአንቺም እንኳ?»

«ለእኔም እንኳ!» አልኩ በኩራት፣ ክርክር ያሸነፍኩ መስሎኝ። ሞኝ! እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ነጠላቸውን ተከናነቡ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ ቃል አልወጣቸውም።

በቀጠሮው ቀን ማለዳ ስነሣ ለብሰው ጠበቁኝ። ቁርስ አልበሉም። ነጠላቸው ጫፍ ላይ አንድ የተቋጠረ ነገር አለ። «ልጅቷ ቁርስ ሳትበላ ትጠብቀን፤ ደውለሽ ንገሪያት» አሉኝ። ምን ብዬ እንደምነግራት ግራ ገብቶኝ ደወልኩ። እግዚአብሔር ይስጣት፣ አልሳቀችም። «እሺ፣ ቡና ብቻ ነው የጠጣሁት፣ ይሆናል?» ብላ ጠየቀች። እትዬ ትንሽ አሰቡና «ቡና እህል አይደለም» ብለው ፈቀዱ።

ክሊኒኩ በር ላይ ስንደርስ እንደ ልማዴ አብሬ ልገባ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«አንቺ እዚሁ።»

«እንዴ! ማን ሊያስተረጉም ነው?»

«ማንም።»

ፋርማሲስቷ የስልክ አስተርጓሚ ላምጣ አለች። ተረጎምኩላቸው። «ስልኩ ላይ ያለው ማን ነው? ሌላ ጆሮ አልፈልግም!» አሉ። ያኔ ነው የገባኝ። አንድ ሰው። ለአንድ ሰው ብቻ። ያ ሰው ደግሞ እኔ አይደለሁም። «እትዬ...» ብዬ ሳልጨርስ በሩ ፊቴ ላይ ተዘጋ።

ኮሪደሩ ላይ ባለችው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ የሚያውቁት እንግሊዝኛ «ቴንኪዩ»ና «ኖ» ነው። ልጅቷ አማርኛ አንድ ቃል አታውቅም። ምን ሊግባቡ ነው እያልኩ ጆሮዬን ጣልኩ። መጀመሪያ ጸጥታ ነበር። ከዚያ ቋጠሮ ሲፈታ፣ ነገር ጠረጴዛ ላይ ሲደረደር ሰማሁ። ልጅቷ አነጠሰች። እትዬ ሳቁ። ልጅቷ አንድ ነገር በስሙ ጠራች፤ በእንግሊዝኛ ሳይሆን በቤቷ ቋንቋ ይመስለኛል፤ እትዬም «እህ! እህ!» አሉ ደስ ብሏቸው። ማንኪያ ጠረጴዛውን ሲመታ ሰማሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ግማሽ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። እትዬ ለረጅም ጊዜ በሹክሹክታ አወሩ፣ በአማርኛ፣ ለማይሰማቸው ሰው። ሕጉ ከአፍ ወደ ጆሮ ነው የሚለው፤ ጆሮው ይግባው አይልም።

አለቀስኩ። ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ አለቀስኩ። እዚያች ወንበር ላይ የምፈልገው ነገር ሁሉ ተሰጥቶኛል፤ አክስቴ እየተናገሩ ነው፣ ይድናሉ። ግን አርባ ምናምን ዓመት የጠበቅኩትን ነገር በአንድ የበር ውፍረት ርቀት ላይ ሆነው ለባዕድ ልጅ ሰጡት።

ሲወጡ እትዬ የልጅቷን ጉንጭ ሳሙ፤ ቋጠሮው ባዶ ነበር። ልጅቷ ዓይኗ ቀልቷል፣ ከማስነጠሱ ይሁን ከሌላ አላውቅም። «አብዛኛውን አውቄዋለሁ» አለችኝ፤ «አንዱን ሥር ግን ገና አጣራለሁ። ቁጥሩን ያናጋው እሱ ሳይሆን አይቀርም። መጠኑንም አሳይተውኛል፤ ሲደክማቸው እጥፍ ይወስዱ ነበር። ኪኒኑን አስተካክላለሁ፣ ከሳምንት በኋላ ይምጡ።»

«ሥሩ ምንድን ነው?» አልኳት።

ፊቷ ቀላ። «ይቅርታ። ለአንቺ እንዳልነግር... በጣም ግልጽ አድርገው ነው የነገሩኝ። በሩን ጠቁመው ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።»

ቁጥሩ በሚቀጥሉት ሳምንታት ቀስ እያለ ወርዶ ቦታውን ያዘ። ያን ዕለት ግን ይህን አላወቅኩም። ያን ዕለት የማውቀው መናደዴን ብቻ ነው። አውቶቡስ ውስጥ አልተነፈስኩም። ቤት ገብተን እራት አቀረብኩ። በመጨረሻ አልቻልኩም።

«ለእንግዳ ሰው! ስሟን እንኳ በትክክል ለማይጠሩላት ልጅ!»

«መርጠሽ የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ» አሉ ረጋ ብለው። «ምስጢር ጠባቂ ናት ብለሽ ማልሽልኝ። ለአባቴ የገባሁት ቃል አለ፤ አንቺ ደግሞ እናገራለሁ አልሽኝ። ልሙት እንዳልል፣ አውቶቡሱ ውስጥ ፊትሽን አየሁት። ምን ላድርግ ታዲያ?» እጃቸውን ጭናቸው ላይ አገላብጠው አዩት። «ነገ ጠዋት የምበጠብጠው ነገር የለም። ከእጄ ወጥቷል፤ አይሠራልኝም።»

ወጡን ማንሣት ጀመርኩ።

«አልናገርም ብትይኝ ኖሮ እኮ ያንቺ ነበር» አሉኝ ከጀርባዬ። «አምንሽ ነበር። ለምን አልዋሸሽኝም?»

ዞርኩ። ተናድጃለሁ፣ እያለቀስኩም ነው። «ነገም፣ ከነገ ወዲያም ይህን ኪኒን ይዋጡ፣ ይኸኛውን አይዋጡ የምልዎት እኔ ነኝ። አንዴ ከዋሸሁዎት በኋላ ምን ብለው ነው የሚያምኑኝ?»

እትዬ መዳፋቸውን ዘረጉልኝ።

«በይ አምጪው» አሉ።

ኪኒኗን ከካርቶኑ አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው። ምን እንደሆነች፣ ስንት እንደሆነች ሳይጠይቁኝ ዋጧት።